ከሳነቴ እስከ ደናክል፦ ለሩቅ መንገድ የምትሰናዳ መኪና

ሎጊያ፣ ከቀትር በኋላ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡት ተሳቢዎች በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ የዳስ ጥላ ፈልገው ጋደም ብለዋል። ከአንድ ጎሚስታ ደጃፍ አቧራ የጠገበች ነጭ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ቆማለች። ተሳፋሪዎቿ ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ሱቅ ገብተዋል። ሾፌሩ ግን ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው።

«ምን ሆነችብዎት ጋሼ?» አለ ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ።

«ምንም አልሆነችም። እንዳትሆን ነው።»

ሲወጣ ቁልፉን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። የኋላው ባሌስትራ አዲስ አበባ ላይ ተፈትቶ እንደገና የታሰረ ነው። አዲስ የታሰረ ባሌስትራ ጭነት ተሸክሞ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቦታውን ሲይዝ ማሰሪያው ይላላል። ካልተጠበቀ የመሀሉ ቡሎን ይቆረጥና የኋላው አክስል በሙሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ ሰመራ፣ ሰርዶ፣ ወደ ሰሜን ታጥፎ አፍዴራ፣ ከዚያም የኤርታ አሌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሎጊያ ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ እዚያ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ያውም መለዋወጫው ከተገኘ።

እንዲህ ያለው ሾፌር ስለ መኪና ሲያወራ ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ መብራት ብዛት አያወራም። የሚያወራው ምን እንደሚላላ፣ ምን እንደሚሞቅና ምን እንደሚከብድ ነው። በአንጻሩ በከተማችን ረጅም የመስክ ጉዞ የሚወዱ ወጣቶች የአውስትራሊያንና የዓረብ አገር በረሃ ተጓዦችን በስልካቸው እያዩ መኪናቸውን በዚያው ልክ ለማስጌጥ ይጣደፋሉ። የእነዚያ ሰዎች ምክር መጥፎ ሆኖ አይደለም። የእኛ መሬት ግን ጠባዩ ሌላ ነው።

ባሌ ውስጥ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ቱሉ ዲምቱ የሚወጣው የመኪና መንገድ 4,377 ሜትር ላይ ያደርሳል። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አንዲት መኪና በአንድ የበጋ ወር ውስጥ ሁለቱንም ልታይ ትችላለች። ላይ ቤት ብርድና የሳሳ አየር፣ ታች ቤት ሙቀትና ጨው፣ መሀል ላይ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ጎማ የሚውጥ መረሬ አፈር አለ። ለአንዱ የተሰናዳ መኪና ለሌላው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመኪናው በፊት የሚመረጠው መንገዱ ነው።

የትኛው መኪና?

ይህ ክርክር ጋራዥ በር ላይ ከተነሳ አይቋጭም። የላንድሮቨር ወገን አለ፤ የፓትሮል ወገን አለ፤ «ሃይሉክስ ምን አነሰው?» የሚል አለ። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ መኪናው ቢሰበር ጂንካ ወይም ሎጊያ ያለ መካኒክ በእጁ ባለው መፍቻ ሊጠግነው ይችላል ወይስ አይችልም?

በዚህ መመዘኛ የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴሎችን የሚያሸንፍ የለም። ቶዮታ በአራቱም ጎማ የሚጎትት የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው በ1954 ነው። ባለ 70ው እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፤ ከተወሰነ ማሻሻያ ጋር እስከ ዛሬ ይመረታል። ብዙዎቹ የኛ አገር ሃርድቶፖች የያዙት 1ኤችዜድ የሚባለውን 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። የናፍታ ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራ ስለሆነ ኮምፒውተር «አልነሳም» አይለውም። ጥቂት ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ቢገባው አጉረምርሞ ይሄዳል። ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ናፍታ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ግን በጀሪካን ውስጥ የቆየ፣ ውኃ የቀላቀለ ነዳጅ ሲያገኛቸው ኢንጀክተራቸው ይበላሻል፤ ኢንጀክተር ደግሞ በረሃ ላይ በመዶሻ አይጠገንም።

ሆኖም አሮጌውን መኪና እንደ ታቦት ማክበር አያስፈልግም። የ1ኤችዜድ ጉልበት 130 ፈረስ ገደማ ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። ሙሉ የተጫነ ሃርድቶፕ የሳነቴን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን በቁጥር ማስላት አያስፈልገውም። ቱርቦ ያለው ሞተር እዚያ ላይ የተሻለ ይተነፍሳል። የኋላ ወንበሩ ደግሞ ለወገብ ጠላት ነው፤ ይህን የቱሪስት መኪና የሚነዱ ሁሉ ያውቁታል፤ እንግዶቻቸው ግን የሚያውቁት ሦስተኛው ቀን ላይ ነው።

የገበያው ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከዚያ ቀደም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። እንግዲህ ለረጅም ጉዞ መኪና የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ጥሩ ነው፤ ደናክል መሀል ግን የሚሞላበት የለም። ደህና የተያዘ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ወይም ፓጄሮ ከተጎሳቆለ ሃርድቶፕ በእጅጉ ይሻላል። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሱዙኪ ጂምኒም አይናቅም፤ ቀላል ነው፤ ቀላል መኪና ደግሞ ሲቀረቀር በሰው ጉልበት ይወጣል።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። ጨው ሜዳ ሲመላለስ የኖረ መኪና ሻንሲው ከውስጥ ተበልቶ ከላይ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ሻንሲውን በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉት፤ ድምፁ የደነዘዘበት ቦታ ዝገት አለ። የዲፈረንሻሉን ዘይት ቡሎን ፈትታችሁ እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጃችሁ አዙሩና ፎር ሎው አስገብታችሁ አቀበት አስወጡት። ብዙ ሻጮች ይህን ማርሽ ለዓመታት ነክተውት አያውቁም፤ ስለዚህ እንቢ ሊል ይችላል።

ሚዛን ላይ

አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ነው። ወጣቱ ባለቤት አምስት በር ያላትን ባለ 76 ሞዴል ላንድክሩዘር ሊያስረክብ የመጣው በኩራት ነው። የብረት መከላከያ፣ ዊንች፣ ፖርቶ መጋላ፣ ከላዩ የጣራ ድንኳን፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁለተኛ ባትሪ ተገጥሞላታል። የቀረው ነገር ምናለሽ ተራ ያሠራው የጀሪካን መደርደሪያ ብቻ ነው። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ለምንድን ነው ኋላዋ የወረደው? ባሌስትራ እናስጨምርላት?»

መካኒኩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወረቀት አነሳ። «ና ቁጭ በል ልጄ፤ እንደምር» አለው።

መከላከያው 65 ኪሎ። ዊንቹ 40። የጣራ ድንኳኑ 65፣ የተቀመጠበት ፖርቶ መጋላ 45። ማቀዝቀዣው ከነምግቡ 35፣ ባትሪው 25። ሰማንያ ሊትር ውኃ ሰማንያ ኪሎ ነው። አራት ጀሪካን ናፍታ ከነብረቱ ሌላ 80 ከምናምን። እዚህ ድረስ 440 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ሰው ገና አልተሳፈረም። አራት ሰው ከነሻንጣው ሲጨመር ከ750 ያልፋል። ባዶዋ መኪና ከ2 ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ፋብሪካው የፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት ደግሞ ከ3 ቶን ብዙም አይርቅም። መሣሪያው፣ መለዋወጫው፣ ትርፍ ጎማው አልተቆጠረም።

«ባሌስትራ ብጨምርልህ ኋላዋ ቀና ይላል» አለ መካኒኩ። «ፍሬኗ፣ ኩሽኔታዋና ጎማዋ ግን እኔ ባሌስትራ መጨመሬን አያውቁም።»

እውነቱ ይኸው ነው። ባሌስትራ ማስጨመር ክብደቱን ይደብቀዋል እንጂ አይቀንሰውም። በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬን ነው። አስፋልቱ እስካለ ድረስ ይሸከማችኋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቤት ቆርቆሮ በተሸነሸነ ኮረኮንች ላይ እያንዳንዷ ኪሎ በደቂቃ መቶ ጊዜ ትዘላለች። የጣራው ክብደት ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎን ለጎን በዘመመ መንገድ ላይ መኪና የሚገለብጠው እሱ ነው።

ወጣቱ በመጨረሻ የጣራ ድንኳኑን አወረደ። መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን 8 ኪሎ ነው። ዊንቹ ግን አልወረደለትም፤ በዚያ ላይ ከመካኒኩ ጋር ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ለመካኒኩ አደላለሁ፦ ደናክል ሜዳ ላይ የዊንች ገመድ የምታስሩበት ዛፍ የት ታገኛላችሁ? ሁለተኛ መኪና ካለ ዊንች ብዙም አያስፈልግም፤ ሁለተኛ መኪና ከሌለ ደግሞ ችግሩ የዊንች አይደለም።

የምትይዙትን ነዳጅና ውኃ ግን በግምት አትቀንሱት። አሮጌው 4.2 ሊትር ሞተር አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 እስከ 14 ሊትር ይጠጣል፤ አሸዋና ድንጋይ ላይ 20 ሊደርስ ይችላል። መንገዱን በከባዱ ፍጆታ አስሉና ሲሶ ጨምሩ። ብዙዎቹ ረጃጅም ሃርድቶፖች ሁለት ታንከር አላቸው፤ አንድ ላይ 180 ሊትር ይይዛሉ፤ ለነሱ ጀሪካን ብዙም አያስፈልግም። ይህ ደግሞ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት ፈቃደኛ አይደሉምና። የመጠጥ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን ከአምስት ሊትር አይነስ፤ የአንድ ቀን ትርፍ ይጨመርበት፤ በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ዕቃ ይከፋፈል። አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል።

ጎማ

ለመኪናችሁ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ጎማ ግዙ። ይህን ያልኩት ሌላው ሁሉ ከጎማ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ጎማ ተራ ሄዳችሁ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትቁጠሩ። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ሆኖ ለዓመታት መጋዘን የሞቀ ጎማ ይሸጣል፤ እንዲህ ያለው ጎማ የኤርታ አሌ ድንጋይ ላይ ጎኑ ይሰነጠቃል። በጎማው ጎን ላይ የሚሸከመው ክብደት ቁጥርም አለ፤ የቤት መኪና ጎማ መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ሃርድቶፕ ላይ አይታሰርም።

ጭቃ ላይ የሚበረታው ትልቅ ጥርስ ያለው ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፤ ይሞቃል፤ ቶሎ ያልቃል። የእኛ አገር ረጅም ጉዞ ከግማሽ በላዩ አስፋልት ስለሆነ መካከለኛ ጥርስ ያለው፣ ጎኑ የጠነከረ ጎማ በቂ ነው። ኦሞ ሸለቆን በዝናብ ወቅት ለሚያስብ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ የምመክረው ጎማ ሳይሆን ሌላ ወር ነው። መረሬ ጭቃ የጎማን ጥርስ ሞልቶ ካለሰለሰው በኋላ የጎማው ዋጋ ልዩነት አያመጣም።

ባለ ቀለበት አሮጌው ቸርኬ ጥሩ ወይስ መጥፎ? ጥሩነቱ ካላማዳሪ ስላለው መንገድ ዳር በማንሻ ብረት ተፈትቶ መጠገኑ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ንፋስ ቢሞላ ተስፈንጥሮ ሰው መግደሉ ነው። የማያውቁት ሰው አይንካው። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ በሚስማር ቢወጋ መሰኪያ ጎማ ሰክታችሁ በአምስት ደቂቃ ትቀጥላላችሁ፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ትርፍ ጎማ ግን ለደናክል ሁለት ይሁን። የክብደት ወቀሳ የማይነሳበት ዕቃ ይህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የንፋሱ ነገር አለ። አሸዋ ላይ ከጎማ ንፋስ መቀነስን ሰፊው ዓለም የተማረው እንደ ራልፍ ባግኖልድ ካሉ ሰዎች ነው። እንግሊዛዊው የጦር መኮንን በ1920ዎቹና 30ዎቹ በፎርድ መኪኖች የሊቢያን በረሃ አቋርጧል። ከተቀረቀረ ጎማ ሥር የሚገባውን የብረት ንጣፍም፣ ከራዲያተር የሚወጣውን እንፋሎት ይዞ መልሶ የሚያስገባውን ጣሳም ያስለመደው እሱና ጓደኞቹ ናቸው። ዛሬ በኮፈናችሁ ሥር ያለችው የላስቲክ ማጠራቀሚያ የዚያች ጣሳ ዘመድ ናት።

ጎማ ሲተነፍስ መሬት የሚነካው ክፍል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፤ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል፤ አሸዋው አይደረመስም። አስፋልት ላይ በ36 ፒኤስአይ የሚሄድ ጎማ አሸዋ ላይ ወደ 16 ወይም 18 ይወርዳል። በዚያ ልክ ሲሄዱ ከ30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይበለጥም፤ መሪ በኃይል አይጠመዘዝም፤ አለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። ሹል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ግን ብዙ አይቀነስም፤ ጎኑ ሲያብጥ ለድንጋዩ ይጋለጣል። አሸዋውን አልፎ መልሶ ለመሙላት ደግሞ መጭመቂያ ያስፈልጋል። ንፋስ ማስወጫ ይዞ መሙያ የረሳ ሰው አይቻለሁ፤ ቀሪውን መንገድ እንደ ሙሽራ አጃቢ ሄደ።

ከአዲስ አበባ ደናክል ስትወርዱ የጎማው መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር አስቂኝ ነው። ውጪው አየር እየከበደ ሲሄድ 36 የነበረው ወደ 32 መውረድ ነበረበት፤ ነገር ግን ሙቀቱ በሃያ ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ያህል መልሶ ይሰጠዋል። ሁለቱ ተጣፍተው ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ቁጥር አትመኑ፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ ባላችሁበት ቦታ ለኩ።

ሙቀትና ውኃ

ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሌሊቱም ክረምቱም ተቆጥሮ ማለት ነው። እዚያ ለሚወርድ ሞተር ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላት ጥፋት ነው። ንጹሕ ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ኩላንቱ ደግሞ ዝገትን ይከላከላል። ክዳኗ ጎማዋ የደረቀ ከሆነ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ በትንሽ ገንዘብ ቀይሯት፤ በሷ ሰበብ የተቃጠለ ቴስታታ ብዙ ነው። ቺንጊያውና የውኃ ጎማዎቹም ከመውጣታችሁ በፊት ይቀየሩ፤ አሮጌዎቹን ግን አትጣሏቸው፤ መጠባበቂያ ይሆናሉ።

የአየር ፊልትሮ በየማታው ይራገፋል። ዲፈረንሻሉ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነች ወይም ዝቅ ካለች፣ የጋለው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ቀዝቅዞ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። መተንፈሻዋን በቀጭን ቱቦ ወደ ኮፈን ከፍታ ማሳደግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት ሰው በእግሩ ይግባ። ሰው ሊቆምበት ያልቻለ ወንዝ ለመኪናም አይሆንም።

ለመጎተቻ ሰንሰለት አትያዙ። የሚለጠጥ ገመድ ያዙና ሻንሲው ላይ በትክክል በተበየደ መንጠቆ ላይ እሰሩት። ተሳቢ በሚታሰርበት ሉል ብረት ላይ የታሰረ ገመድ ብረቱን ቆርጦ እንደ ጥይት ይወረውረዋል፤ በዚህ ሰዎች ሞተዋል። አካፋ፣ ክሪክ የሚያርፍበት ሰፊ ሳንቃ፣ ሁለት የአሸዋ ንጣፍ፤ ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልግም። ጨው ሜዳ ከነካችሁ ደግሞ የመጀመሪያው የውኃ ቧንቧ ያለበት ከተማ ስትደርሱ የመኪናውን ሥር በሚገባ አሳጥቡ።

ከትግራዩ ጦርነት በፊት አብዛኛው የደናክል ጎብኚ በመቀሌ በኩል በበራህሌ ይወርድ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሰመራው መንገድ ዋነኛ ሆኗል። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ የሰላሙን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ የአካባቢውን ተወላጅ መሪ ያዙ። ጨው ሜዳው ላይ የት ቅርፊቱ እንደሚሸከምና የት ከሥሩ ጭቃ እንዳለ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ካርታ አያሳይም፤ አፋሩ ግን ያውቃል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሳነቴንም ሰሜን ተራሮችንም በአንድ ደህና መኪና መሄድ ይቻላል። ደናክልን ግን ከሁለት መኪና ባነሰ አትግቡበት፤ ሁለተኛ መኪና ያለው ጓደኛ ካላገኛችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።